የሸጊት ቅርጫት

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም፣ ከእናቴ ልጅ ከእህቴም ደብቄ እዚህ ደርሻለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ኃጢአቱን ቁጭ ብሎ የሚናዘዝለት የንስሐ አባት የለም። ተውበት ከአላህ ጋር ነው። የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ አውፍ ካላለ፣ ይቅር ካላለ፣ ከአንገት እንደማይወርድ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የኔ ባለሐቅ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆናት። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለናንተ እነግራችኋለሁ።

እኔ ቤት ሊቃጠል ሲል፣ አንዲት ድመትና ሦስት ልጆቿን ከተኙበት ቅርጫት አውጥቼ መሬት ላይ የደፋሁ፣ በቅርጫቱም የራሴን ቀሚሶች ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው። «ለድመት ይህን ያህል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ለራሴ ስንት ዓመት እንዲያ ብያለሁ።

የተወለድኩት አምባሰል ገጠር ነው። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ሐይቅ ከተማ ለምትኖረው ለአክስቱ ልጅ ለቶይባ ሰጠኝ፣ እሷ ዘንድ ሆኜ እንድማር። እማ ቶይባ እላት ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው የምትቸረችር፣ እንድሪስ ከሚባል አንድ ልጅ በቀር ማንም የሌላት ሴት ነበረች። እንድሪስ በበላበት አበላችኝ። እሱ አዲስ ሲለብስ እኔም አዲስ ለበስኩ። ይህን የምነግራችሁ ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ድመቷ የእንድሪስ ነበረች። ከሐይቁ ዳር ጀልባ ሥር አግኝቷት በጃኬቱ ሸሽጎ አመጣትና ሸጊት አላት። ቀበሌው ስሙን ጠርቶ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስደው መኪናው ላይ ሆኖ የጮኸው ነገር ሁለት ብቻ ነው። «እማ አታልቅሺ! እማ፣ ሸጊት አማናሽ ናት!» ቶይባ ያንን የአደራ ቃል እንደ ዋዛ አልያዘችውም። ድመቷን ስታበላ ልጇን የምታበላ ይመስላት ነበር። ድመቷ ደህና ከሆነች እሱም ያለበት ቦታ ደህና ነው ብላ ታስብ ነበር መሰለኝ። አፍ አውጥታ ግን አልተናገረችውም።

በዚያ ዓመት በጋ ከገበያው በላይ ያሉ ቤቶች ተቃጠሉ። አንዲት ሴት ከወጣች በኋላ ለዶሮዎቿ ብላ ተመልሳ ገብታ ፊቷና እጇ ነዶ ወጣች። ቶይባ ልትጠይቃት ሄደች። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወርዳ ከደንገል የተሠራ፣ ክዳንና እጀታ ያለው ሰፊ ቅርጫት አሠርታ መጣች። ጎን ጎኑን ለአየር በሳሳችው፣ ውስጡን አሮጌ ነጠላ አነጠፈችበት፣ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። ሸጊት እንዳትፈራው ብላ ምግቧን እዚያ ውስጥ ታበላት ጀመር። ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«አየሽ ከድጃ፣ እንስሳ እሳት ሲያይ ወደ ውጭ አይሮጥም። ወደ ለመደው ጥግ ነው የሚሸሸው። አልጋ ሥር ከገባች አበቃ። መጀመሪያ የጓዳውን በር ዝጊባት። ጨርቅ ጣል አድርጊና አቅፈሽ ክተቻት፣ ክዳኑን እሰሪና ውጪ። ስትወጪ እሳቱ ነፋስ እንዳያገኝ የውጩን በር ግጥም አድርጊው። ከወጣሽ ወዲያ ለዕቃ ብለሽ እንዳትመለሺ። ዕቃ አላህ ይተካል።»

«መርሐባ፣ እሺ እማ» አልኳት።

በዚህ አልበቃትም። ሦስት ቀን በተከታታይ አሠራችኝ። ድመቷን ይዤ፣ ከትቼ፣ አስሬ፣ ወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ። እየሳቅን ነበር። ሸጊትም ቅርጫቱን ከመልመዷ ብዛት ስትወልድ እዚያው ወለደች።

እሳቱ የመጣ ቀን ሃያ ዓመቴ ነበር። ታጭቼ ነበር። እጮኛዬ ከደሴ የላከልኝ ሁለት ቀሚስና አንድ የሐር ሻሽ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ ቶይባ ቤት ተቀምጧል። ቶይባ በጠዋት አርዲቦ በኩል ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ «አደራ ሸጊትን» አለችኝ። ሁልጊዜም የምትለው ነገር ስለሆነ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።

ልክ እኩለ ቀን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለች ስትጮህ ወጣሁ። ወርቄ ክርስቲያን ናት። ከቶይባ ጋር ሃያ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተው እንደ እህትማማች ነው የኖሩት። የሳር ማድቤቷ ተያይዟል። ነፋሱ ወደኛ ነው። የኛ ቤት ቆርቆሮ ቢሆንም ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር፣ አንድ ፍንጣሪ ከገባው የሚተርፍ አይደለም። ወርቄ ሰው ልትጠራ ወደ መንገዱ ሮጠች።

ጊዜ አልነበረኝም ብላችሁ ደስ ባለኝ። ጊዜ ነበረኝ።

ገባሁ። የጓዳውን በር ዘጋሁ፣ እንደተማርኩት። ሸጊት ቅርጫቱ ውስጥ ተጋድማ ታጠባለች። ማሳደድ የለ፣ ጨርቅ መጣል የለ። አራቱም እዚያው ናቸው። ክዳኑን መድፋት ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄ ክዳኑ ላይ ሳለ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ አረፈ። ላነሳው ሞከርኩ፣ ከበደኝ። ከፈትኩት። ከዚያ ቅርጫቱን አነሳሁና ገለበጥኩት።

ለምን ቅርጫቱን? አልጋው ላይ ጋቢ ነበር። ራሴ ላይ ነጠላ ነበር። ቀሚሶቹን በነጠላ ቋጥሬ በአንድ እጄ፣ ቅርጫቱን በሌላ እጄ ይዤ መውጣት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ቅርጫቱ ቅርብ ስለነበረ ነው፣ እጀታ ስለነበረው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አስቤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ድመቷ ጮኸችብኝ። ቀጥላ አንዱን ልጇን በአንገቱ አንጠልጥላ አልጋ ሥር ገባች። ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። እኔ ቀሚስ እያጠፍኩ አያታለሁ። እያጠፍኩ! እንዳይጨማደድብኝ ነው። ሦስተኛው፣ ዓይኑ ገና ያልተገለጠው፣ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀ እኔ ወጣሁ። በሩንም ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። ቶይባ ካስተማረችኝ ሁሉ አጥርቼ የፈጸምኩት ያንን ነው።

ከጓሮ ባህር ዛፎቹ ሥር ቆሜ ቀሚሶቹን ከቅርጫቱ አውጥቼ በነጠላዬ ቋጠርኩ። ቤቱ ገና አልተያያዘም። ተመልሼ መግባት እችል ነበር። «አትመለሺ ተብዬአለሁ» አልኩ ለራሴ። ቶይባ አትመለሺ ያለችው ለዕቃ ነው፣ ይህንን አላውቅም? ባዶውን ቅርጫት አነሳሁና ወደ ወርቄ ማድቤት እሳት ወረወርኩት። ይህን ልብ በሉልኝ። ቤቱ ሳይነድ ነው ውሸቱን ያሰናዳሁት።

ሰዉ ውሃ እየተሸከመ ሲደርስ ኮርኒሱ ተያይዞ ነበር። ከግድግዳው በቀር የተረፈ የለም።

ቶይባ ከቀትር በኋላ ወሬው መንገድ ላይ ደርሷት እየሮጠች መጣች። ቤቱን ዞር ብላ አላየችውም።

«ሸጊትስ?»

«ፈልጌ አጣኋት እማ። በሩ ክፍት ነበር፣ ልጆቿን ይዛ ቀድማኝ ወጥታለች።»

«ቅርጫቱስ?»

«ባዶውን ነበር። ተቃጠለ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ከወጣች ትገኛለች። አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ተረፍሽልኝ።» አቀፈችኝ። ቀሚሶቼ በነጠላ ታስረው እግሬ ሥር ነበሩ። እነሱንም አይታ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ከሷ ቀድሜ አመዱ ውስጥ ገባሁ። ከብረቱ አልጋ ሥር አገኘኋቸው። እንዴት ሆነው እንደነበር አልነግራችሁም። ሦስተኛውም እዚያው ነበር፣ ተመልሳ ወስዳዋለች። ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳቸው። አዝኜላቸው እንዳይመስላችሁ። ማስረጃ ነበር የምቀብረው።

ከዚያ ፍለጋው መጣ። ሰፈሩ ቤቱን በደቦ እስኪያቆምልን ዘመድ ቤት ተጠግተን ሳለ፣ ቶይባ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር የዓሣ ጭንቅላት በሳህን ይዛ ሐይቁ ዳር ትወርድ ነበር። ከሸምበቆው አጠገብ ቆማ «ሸጊት! ነይ እናቴ!» ትላለች። እኔም አብሬያት እወርዳለሁ። እኔም እጣራለሁ። ከሷ በላይ ጮኼ ነበር የምጣራው። ልጆች «የድመት እናት» እያሉ ሲስቁባት አባርራቸው ነበር፣ አባርሬም እመረቅ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ዳሩ ጭቃ እስኪሆን አላቆመችም። ለእንድሪስ ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነኝ። «ሸጊት ደህና ናት በይው፣ ጦር ሜዳ ያለ ልጅ ይህን አይሰማም» አለችኝ። ጻፍኩ።

ወርቄ ግን አይታኝ ኖሯል። ከመንገዱ ዞር ስትል ቅርጫቱን ይዤ ስወጣ አይታኛለች። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ የቶይባ መንከራተት አላስችል ብሏት ነገረቻት። ቶይባ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ወርቄ ቅርጫቱን ይዘሽ ስትወጪ እንዳየችሽ ነገረችኝ። እውነት ነው?»

«ወላሂ እማ፣ ውሸቷን ነው!» አልኩ። በአላህ ስም ማልኩ። ያም አልበቃኝም። «እሳቱ ከሷ ማድቤት ስለተነሳ ሰው ላይ ልታላክክ ነው» አልኩ።

ቶይባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቄን ማነጋገር ተወች። ቤቱ ተሠርቶ ስንመለስ በሁለቱ መካከል የነበረችውን የአጥር መሹለኪያ በእሾህ ደፈነቻት። ሃያ ዓመት አንዷ ስትታመም ሌላዋ ያስታመመችበትን ጉርብትና እኔ በአንድ መሐላ ቆረጥኩት። ወርቄ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላለችም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ አይታኝ ታልፋለች፣ ያ ብቻ ነበር።

ተዳርኩ። ያንን ቀሚስ ለበስኩት። ጋብቻው ሦስት ዓመት አልሞላም። ቀሚሱ የት እንደገባ እንኳ አላስታውስም። በኋላ ደሴ ሌላ አግብቼ ወለድኩ።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ዓመት ቶይባ መታመሟ ተነገረኝና ሐይቅ መጣሁ። ከስታ አልጋው ውስጥ ጠፍታለች። ሊሞት የተቃረበ ሰው እንደሚያደርገው ዘመድ ጎረቤቱን አንድ በአንድ እያስጠራች አውፍ በሉኝ ትላለች። ተራዬ ደርሶ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ከድጃ ልጄ፣ ያንቺ ሐቅ አለብኝ። ያኔ ወርቄ ያለችኝን... ስትምዪልኝ አመንኩሽ አልኩ እንጂ በልቤ አላመንኩሽም። አብረሽኝ ስትበዪ ፊትሽን እያየሁ እጠረጥርሽ ነበር። ያሳደግሁሽን ልጅ! አውፍ በይኝ።»

አላህ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። ከዚያ በላይ እንዴት አድርጎ ይክፈትልኝ? «እማ፣ የጠረጠርሽው እውነት ነው» ማለት ብቻ ነበር። ሞቷ እንዳይመርባት ልተውላት አልኩ በሆዴ። ለሷ ያሰብኩ መስሎኝ። ለሷ አልነበረም። ደጅ የተቀመጡት ሴቶች እንዳይሰሙብኝ ነበር።

«አውፍ ብዬሻለሁ እማ» አልኳት።

«ከልብሽ?»

«ከልቤ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ቀለለኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ወርቄን አላስጠራችም፣ እኔም አስጠሪያት አላልኩም። ለቅሶው ላይ ወርቄ ሳትጠራ መጥታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠችና ከሁላችን በላይ አለቀሰች። ውሃ ይዤላት ሄድኩ። ከእጄ አልተቀበለችም። እሷም ኋላ ሞተች። እሷንም አውፍ አላስባልኩም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንድሪስ አንድ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። «እናቴ ሸጊትን ስትፈልግ ብቻዋን እንዳልተውሻት ሰማሁ፣ አላህ ይስጥሽ» አለኝ። አሚን አልኩ። ዛሬ ሐይቅ ልጆች ወልዶ ይኖራል። ሄደሽ ንገሪው ትሉኝ ይሆናል። ስንት ጊዜ ልነግረው ከደሴ ተነሥቼ ሄጃለሁ። ሻይ ጠጥቼ፣ ልጆቹን ስሜ እመለሳለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ደንግጬ ነበርም አልልም። አውፍ በሉኝም አልልም፣ እናንተ ባለሐቅ አይደላችሁም። ባለሐቋ አንድ ቀን እጄን ይዛ እኔን ይቅርታ ለመነችኝ፣ እኔም ሰጠኋት።