አክስቴና የሌሊት አበባዋ

ነፍሷን ይማርና አክስቴ፣ ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን፣ ሌሊት ብቻ የሚያብብ ቁልቋል ታሳድግ ነበር። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ የሰጧት ከአሊዩ አምባ በበቅሎ ጨርቅ ይዘው የሚመጡ አንድ ነጋዴ ናቸው። ብርዱ ሲበረታ የተተከለበትን ጣሳ ወደ መኝታዋ አስገብታ የራሷን ባና ታለብሰው ነበር።

ለጎረቤት ልታካፍል ቅርንጫፍ ስትቆርጥ ወዲያው አትሰጥም። ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሰው ሲቸኩልባት፣ «ቁስሉ ይድረቅለት እንጂ፤ እርጥቡን ከተተከለ ይበሰብሳል» ትላለች።

ባሌ በሞተ በሦስተኛው ወር የአባቴ ወንድሞች ለአንድ የጫጫ ሰው ሊድሩኝ ሽማግሌ ይዘው ወደተጠጋሁበት ወደ አክስቴ ቤት መጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። በወንዶች ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው አክስቴ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመች።

«የልጄ ቁስል አልደረቀም» አለቻቸው። «ስትፈልግ ራሷ ትነግራችኋለች። አሁን በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ።»

እያጉረመረሙ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር፣ አንድም ቀን «ምን አሰብሽ?» ብላ አልጠየቀችኝም።

ዘንድሮ አርባዋ ባለፈ በሳምንቱ ቁልቋሉ አበበ። እሷ ታደርግ እንደነበረው ጎረቤቶቹን ቀሰቀስኩ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፋኖስ ይዘው መጡ። አበባው ነጭ ነው፤ መዓዛው ቤቱን ሞላው። እሷ ተቀምጣ የምታይበት በርጩማ ከጣሳው አጠገብ ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም። ጎህ ቀዶ አበባው እስኪጠወልግ ድረስ ሁላችንም ቆመን አደርን።