እስከ ፋሲካ የቆየች ባስቡሳ

ሊወስዱኝ ሲመጡ እጄ እስከ ክርኔ ክሬም ነበር። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ለሰርግ የታዘዘ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ እየቀባሁ ሳለ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡ። የኢቃማ ጉዳይ መስሎኝ የመኖሪያ ፈቃዴን ላወጣ ወደ ሳጥኔ ዞርኩ። «እሱን ተይው፤ ስልክሽን አምጪ» አለኝ አንደኛው። እጄን ልታጠብ አልኩት። «ያላ፣ እዚያ ትታጠቢያለሽ» አለኝ። መኪናው ውስጥ ዓይኔን በጨርቅ አሰሩኝ። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ የማስበው ኬኩን ነበር። የላይኛው ደርብ ሳይቀባ ቀርቷል፤ የካርቱም ሙቀት ደግሞ ክሬም አይምርም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶ ቤት የምታገኘውን ልጄን ላለማሰብ ይመስለኛል።

ጨርቁን ሲፈቱልኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ የሰው ጀርባ ያወዛው ኖራ ነው። ጣሪያው ሥር ብረት የተጋደመባት መስኮት አለች። የበረኪናና የላብ ሽታ ይከረፋል። ምንጣፉ ላይ ሁለት ሱዳናውያን ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ጠና ያሉ አስተማሪ ናቸው፤ ኡስታዛ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ሌላዋ ማዮ ከሚሉት ሰፈር የመጣች ሻይ ሻጭ ናት፤ የተቃውሞ ሰልፈኞች ሻይ ሲጠጡ እሷ ጋ ስለተገኙ ነው የታሰረችው። ሻይ ሻጯ አየር ሳብ አድርጋ «አንቺ ሐበሻ፣ ቫኒላ ቫኒላ ትሸቻለሽ» አለችኝ። ያለቀስኩት ያኔ ነው።

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ፖለቲከኛ ባሌ ነበር። አገር ቤት የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ጥሎ የተሰደደውም፣ እኔን አስከትሎ ካርቱም የገባውም በእሱው ፖለቲካ ነው። ሲሞት ፖለቲካውን ይዞት ሄደ፤ ለእኔ ልጄና አንድ የጋዝ ምድጃ ቀሩኝ። በምድጃዋ ኬክ፣ በሽሮፕ የራሰ ባስቡሳ፣ ክሬም የተሞላ ቅሽር ጋገርኩ። ዴም ውስጥ ጣፋጭ ያማረው ሰው እኔን ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ይህን ስል እየኮራሁ ነው፤ ለምን እደብቃለሁ!

በማግስቱ አንድ መኮንን ፊት አቀረቡኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሁሉም ጀናቡ ይሉታል፣ ጌታዬ እንደማለት። ስልኬን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የገዛ ኬኬ ነው፤ ነጭ ክሬም፣ ዙሪያውን የተቆላ ለውዝ፣ መሃሉ ላይ በቸኮሌት የተጻፈ ዐረብኛ። ደንበኞቼ እንዲያዩልኝ ብዬ ራሴ ነኝ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት።

«ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጀናቡ።»

«ምን ይላል?»

«አላውቅም። ማንበብ አልችልም።»

ሳቀ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ዐረብኛ ስናገር ገበያ ውስጥ የሚረታኝ የለም፤ ፊደሉን ግን አላውቀውም። ደንበኛ ጽሑፍ ሲያዝ ስልኩ ላይ ያሳየኛል፣ እኔም አበባ እንደምስለው ሁሉ አስመስዬ እስለዋለሁ። ያንን ኬክ ያዘዘችው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ስልኳን ፊቴ ይዛልኝ ስትቀመጥ እንደለመድኩት እንደ አማርኛው ከግራ ጀመርኩ። ልጅቷ ሳቀች። «ኻልታ፣ ከመጨረሻው እኮ ጀመርሽ!» ኻልታ ማለት አክስቴ ነው። የወንድሟ ልደት መሆኑን ነገረችኝ፤ ሌላ አላለችም። ኬኩን በሪክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ አቅፌ ቡሪ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ወሰድኩት። በሩን የከፈቱት እናቷ ነበሩ። ኬኩን አይተው ግንባሬን ሳሙኝ። እንዲህ የወደዱት ሥራዬን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

«ማን ነው ያዘዘው?» አለኝ መኮንኑ። «ቤቱስ የት ነው?»

«ብዙ ሰው ያዝዛል፣ ጀናቡ። አላስታውስም።»

ይሄኛው ውሸት ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ኡስታዛ ኬኩ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ጣቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ ሲሚንቶው ላይ ሳልኩላቸው። እጄ አልረሳውም ነበር። አሁንም ከግራ ጀመርኩ። ኡስታዛ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሬ ስመጣ እያዩ ፈገግ አሉ፤ ስጨርስ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ውሃው ሳይደርቅ ቀስ ብለው አነበቡልኝ።

«‹ዛሬም ልደትህ ነው፤ አልረሳንህም› ይላል።»

«ለወንድሟ ነው ያለችኝ» አልኩ።

«አዎን፣ ልጄ። ወንድሟ ግን በሕይወት የለም። ሰልፍ ላይ የተገደሉ ልጆችን ልደት ቤተሰብና ጓደኛ ተሰብስቦ ያከብረዋል። እነሱ ደግሞ የሚፈልጉት ማን ማን እንደተሰበሰበ ነው።»

የእናትየው ከንፈር ግንባሬ ላይ ያረፈው ገና ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱን ያልተናገርኩት ደንበኛን አሳልፎ መስጠት ነውር ስለሆነብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዴ ቡሪ ወስደውኝ ጣቴን ብቀስር ያቺ ሴት ሁለተኛ ልጇንም ልታጣ ነው። ጣቴን ካልቀሰርኩ ደግሞ የእኔዋ ልጅ በጎረቤት እጅ ትቀራለች። ሁለቱን ሳወጣና ሳወርድ ነጋ።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ነበር። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ጾመኛ ነው። ሁለቱ ሴቶች ፀሐይ ስትጠልቅ ጾማቸውን ይፈታሉ፤ ለእኔ ፀሐይ መጥለቋ ወተቱንና ሥጋውን አይፈታልኝም። ምስሩንና ዳቦውን ለእኔ እያሉ፣ እርጎ ሲመጣ ድርሻዬን እነሱ እየወሰዱ ተስማምተን ኖርን። ሻይ ሻጯ ብቻ «የእናንተ ጾም መቼም አያልቅም እንዴ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መኮንኑ አስጠራኝ። ማታ ለማፍጠሪያ እንግዶች አሉበት። «ጣፋጭ ሠሪ ነሽ አይደል? ባስቡሳ ሥሪልኝ። ነገ ጠዋት ደግሞ በመኪና ቡሪን ዞር ዞር እንላለን። ቤቱን ታሳዪኝና ከዚያው ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ፣ ኢንሻላህ።» ባስቡሳውንና ቤቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የጠየቀኝ። ቡሪ መሆኑን በምን እንዳወቀ እንጃ፤ ምናልባት የሪክሻው ሾፌር ነግሮት ይሆናል። ወደ ወጥ ቤቱ ወሰዱኝ።

እጄን በወጉ የታጠብኩት እዚያ ነው። ጥሩ ሳሙና ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሰሞሊና፣ የነጠረ ቅቤ፣ እርጎ፣ ኮኮናት፣ ለውዝ፣ የጣሳ ወተትና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የወተት ስልባቦት ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ቅቤ በራሴ ቤት አቅልጬ አላውቅም። ለነዚህ ሰዎች ብዬ አበላሽቼ ብሠራው እወድ ነበር፤ እጄ አልታዘዘኝም። ሰሞሊናውን በቅቤ አሸሁት፣ እያንዳንዱ ቅንጣት እስኪያብረቀርቅ። በጾም ስሠራ አልቀምስም፤ ሊጡን በሽታው፣ ሽሮፑን በሁለት ጣቴ መሃል በሚስበው ክር አውቀዋለሁ። ከምድጃ ሲወጣ ቀይ ወርቅ መስሎ ነበር። ቀዝቃዛውን ሽሮፕ ሳፈስበት ትሪው ሙሉ ሲንሾከሾክ አፌ ውሃ ሞላ። አልዋሽም፣ ልጄን አሰብኩ፤ ነገ ጠዋት አቅፌያት ይቺን ሽታ ከልብሴ ላይ ስታሸትት ታየኝ።

ትሪውን ይዤ ስገባ እንግዶቹ በተምርና በውሃ ዙሪያ ተቀምጠው አዛን ይጠብቃሉ። ከመሃላቸው አንድ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ። መኮንኑ ከዳር አንድ ቁራሽ ቆርጦ በሹካ ዘረጋልኝ።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

«ጾም ነኝ፣ ጀናቡ።»

«ሁላችንም ጾመኞች ነን። አዛን ሲል ትቀምሻለሽ።»

«የእኔ በአዛን አይፈታም። ቅቤ አለበት፣ እርጎ አለበት። እስከ ፋሲካ አልነካውም።»

አዛኑ ከአንዱ መስጊድ ተሰማ፣ ከሌላው ተቀበለው። ሰዎቹ ተምር አነሱ፤ ሹካው ግን ፊቴ እንደተዘረጋ ነበር። «አንድ ጉርሻ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ ነገ ቤትሽ። ካልቀመስሽ ግን የሆነ ነገር ጨምረሽበታል ማለት ነው።»

እግዚአብሔር አንድ ጉርሻ ይቅር ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ሰውዬውን ግን አወቅኩት። ዛሬ ጾሜን በሹካ ካስፈታኝ ነገ ቡሪ ላይ ምላሴን ያለ ሹካ ያስፈታኛል። ትሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«አልቀምስም» አልኩ። «ቤቱንም አላውቀውም።»

ሽማግሌው «ተዋት ያ ወለዲ፣ ጾመኛ ናት» አሉ። ያ ወለዲ ማለት ልጄ ሆይ እንደማለት ነው። መኮንኑ በሰው ፊት መታረሙ አልተዋጠለትም። ሹካውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና አብራኝ ለመጣችው ጠባቂ «ከነትሪው ወደ ክፍሏ መልሻት። መርዝ ከሆነ እርስ በርሳቸው ይብሉት» አላት።

እንዲህ ሆኖ ነው የመኮንኑ ባስቡሳ ክፍላችን የገባው። ለሴቶቹ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሻይ ሻጯ አላስጨረሰችኝም፤ ጣቷን ሽሮፑ ውስጥ ነክራ ላሰችው። «መርዝ ከሆነ ጠግቤ ልሙት!» ኡስታዛ ስኳር በሽታ ስላለባቸው ጥቂት ብቻ ቆረሱ፤ ያችኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አላመጧት። እኔ እያየኋቸው ዳቦዬን በላሁ። የሠራሁት ነገር እንዲህ ሲበላ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ትሪው ሊያልቅ ሲል ኡስታዛ እጃቸውን ዘረጉ። «በቃ፣ ይህቺ የእሷ ናት።» መሃል ላይ ለውዝ የተቀመጠባትን ቁራሽ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለሉ። ጉንዳን እንዳያገኛት ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዘን መስኮቱ ብረት ላይ አንጠለጠልናት። ጠባቂዋ ምን እንደሆነች ጠየቀች። «የሐበሻዋ ፋሲካ ናት» አለቻት ሻይ ሻጯ። ጠባቂዋ ቀና ብላ አየቻት፤ አልነካቻትም።

ቡሪን እንድዞር ሁለተኛ አልተጠየቅኩም፤ ወደ ልጄም አልሄድኩም። ልጄን እያሰብኩ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ያልኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ቀን ቀን ኡስታዛ ሐሳቤን ሊያስረሱኝ የዐረብኛ ፊደል ያስቆጥሩኝ ጀመር። በውሃ ሲሚንቶው ላይ እንጽፋለን፣ ይደርቃል፣ እንደገና እንጽፋለን። ከግራ በጀመርኩ ቁጥር ጣቴን ይዘው ወደ ቀኙ ጫፍ ይመልሱኛል።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት እነሱ ናቸው የቀሰቀሱኝ። ጥቅሉ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ባስቡሳዋ ደርቃ ብስኩት ሆናለች። ሁለቱ ጾመኞች ናቸው፤ ፊታቸው መብላት አፈርኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ኡስታዛ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ወደኛ ዙሪ። ስንጠብቃት የከረምነው ስትበያት ልናይ ነው።»

ዞርኩ። ምራቄ እስኪያለሰልሳት ቀስ ብዬ በላኋት። ቅቤው አልሻገተም ነበር። ሻይ ሻጯ «እንዴት ናት?» አለችኝ፣ ከዚያ ሁሉ ቁራሽ በኋላ ጣዕሟን የማታውቅ ይመስል። «ስኳሩ ትንሽ በዝቷል» አልኳት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከዒድ በኋላ አንድ ጠዋት ስሜን ጠርተው ሂጂ አሉኝ። ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም። ልጄ አማርኛዋ ከድሮም አነስተኛ ነው፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ማማ፣ ኩንቲ ወይን?» እያለች ደጋግማ በዐረብኛ የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ኡስታዛን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ሻይ ሻጯንም እንዲሁ።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። እኛም እንደ ሰው ሁሉ ከካርቱም ወጣን፤ ተመልሰንም ገባን። ምድጃዬ ተዘርፏል፤ አሁን የምጋግረው በከሰል ነው። ዴም ግማሹ ተቃጥሏል፤ ሰው ግን ጣፋጭ ይወዳል፣ ዛሬም ያዝዛል።

ባለፈው ሰሞን በሬ ተንኳኳ። ያቺ የቡሪ ልጅ ናት። ከስታለች፤ ተማሪነቷም አብቅቷል። እናቷ ደህና መሆናቸውን ጠየቅኳት፤ ደህና ናቸው፣ ቤታቸው ተመልሰዋል። በእሷ ኬክ የተነሳ የት እንደነበርኩ አታውቅም፤ አልነገርኳትም። እንደ ድሮው ኬክ እፈልጋለሁ አለችና ጽሑፉን ልታሳየኝ ስልኳን አወጣች።

«ተይው፣ አውቀዋለሁ» አልኳት።

ቸኮሌቱን ሞላሁና ከቀኝ ጀመርኩ።