የእማዬ ሰደቃ ከመውሊዱ በኋላ

እህቴ የመስከረምን ዝግጅት ሁሉ በቮይስ ስትዘረዝርልኝ እኔ እዚህ ዓረብ አገር የማዳምን የበኩር ልጅ ጀለቢያ እየተኮስኩ ነበር። ማዳም በሥራ ሰዓት ስልክ አትወድም፤ ስለዚህ ስልኩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ዝቅ አድርጌዋለሁ። እህቴ ሐይቅ ከተማ ልብስ ነጋዴ ናት። ወሬ ስታወራም ደንበኛ እንደምትጠራ ናት።

"እታለም፣ ዘንድሮ ከተማው ጉድ ነው የሚሆነው! ዘመን መለወጫና መውሊድ ተከታትለው ነው የሚመጡ። ከዚያ መስቀል አለ፤ የደመራውን እንጨት ለክርስቲያኖቹ የኛ ሰፈር ልጆች ናቸው የሚያወርዱላቸው። ከመስቀል በኋላ ሐይቁ ዳር የባህል ምሽት አለ ተብሏል፤ ድንኳን ይጣላል፣ ማሲንቆ መቺ ከአምባሰል ይመጣል። የጀልባ እሽቅድምድምም አለ። ያ ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ 'አንደኛ ካልወጣሁ ሚስቴን እፈታለሁ' ብሎ ምሎ፣ ሚስቱ 'እንዲሸነፍ ዱዓ ላይ ነኝ' አትል መሰለሽ! ጥቅምት ላይ ደግሞ እስጢፋኖስ ይነግሣል፤ መንገዱ ሰው በሰው ነው የሚሆን። እ… የእማዬ ሰደቃም ከመውሊዱ በኋላ ነው፤ እናወጣላታለን። በይ ደንበኛ መጣብኝ፣ አብሽሪ።"

ኮሌታውን ጨርሼ ወደ እጅጌው አለፍኩ።

የእማዬ ሰደቃ ለእኛ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም። እናቴ በየዓመቱ መውሊድ ሲያልፍ ዳቦና ንፍሮ ታወጣለች፤ የሰፈሩን ዱበርቶች ሰብስባ ዱዓ ታስደርጋለች። ዱበርቲ የምንላቸው ለዱዓ የሚቀመጡትን ትልልቅ ሴቶች ነው፤ ዱዓውን የምትከፍተው እሷ ነበረች። ስለዚህ "የእማዬ ሰደቃ" ማለት እማዬ የምታወጣው ሰደቃ ነው። ለእማዬ የሚወጣላትም ቢሆን የሚጠራው በዚያው ስም ነው። "እናወጣላታለን" የሚለውም እንደዚያው። ጉልበቷ ደክሞ ምድጃ ሥር መቀመጥ ላልቻለች እናት ልጆቿ ያወጡላታል። አኼራ ለሄደች እናትም ልጆቿ ያወጡላታል። የታመመውንና የሞተውን በአንድ "ላት" ነው የምናስተናግደው።

ጀለቢያውን መስቀያው ላይ ሰቀልኩ። ቀጣዩን አነሣሁ።

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም ነበር። ስደውል መጀመሪያ "የዱዓ ሐድራ ላይ ናት" አሉኝ። ቆይቶ "አርዲቦ ሐይቅ ማዶ አክስትሽን ልትጠይቅ ሄዳለች" አሉ። ቀጥሎ ስልኩ ውኃ ገባበት፤ ስልኩ ሲሠራ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ የሚታመኑ ነበሩ። እኔም አንድ በአንድ አምኛቸዋለሁ።

ለምን ቁርጡን አልጠየቅሽም የሚለኝ ሰው ይኖራል። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ጠንካራ ሰው ተመድቦ ነው የሚነገር። እኔም አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን ልጅ በግራ በኩል ይዣለሁ፤ የሰው ክንድ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። እነሱ የሚያስቡት እኔ ሰው ቤት ብቻዬን መሆኔን ነው። ማን ይይዛታል ነው ነገሩ። እህቴን ብጠይቃት ወይ አስዋሻታለሁ ወይ አስለቅሳታለሁ። ተውኩት።

የቸገረኝ ዱዓው ነው። ሱብሒ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ የምለው ጠፋኝ። "አላህ ይርሐማት" ልበል? በሕይወት ካለች በአፌ የቀበርኳት መሰለኝ። "አላህ ያሽራት" ልበል? አኼራ ከሄደች ደግሞ የምትጠብቀውን ነፈግኳት ማለት ነው። ሙት የልጁን ዱዓ ይጠብቃል ብለው ነው ሼኾቻችን ያሳደጉን፤ በቀብር ውስጥ ሆና "ያች ልጄስ?" እያለች እንደሆነ ማን ያውቃል። አንዳንድ ቀን "ያ ረቢ፣ ያለችበትን አንተ ታውቀዋለህ፣ የሚሻላትን ስጣት" ብዬ አለፍኩ። አብዛኛውን ቀን ግን አፌ ወደለመደው ሄደ፤ አሽራት፣ አሽራት አልኩ።

መስከረም በስልኬ ውስጥ አለፈ። እህቴ ሁሉንም ቀርጻ ላከችልኝ። የመውሊዱን ድንኳን ላከች፤ ዱበርቶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ዱዓውን የከፈተችው ጎረቤታችን ናት። ከአጠገቧ ያለው ቦታ ሲደርስ ስልኩ ቶሎ ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ። "ማሻአላህ፣ ያምራል" ብዬ መለስኩ። የሰደቃውን አልላከችም፤ እኔም የታል አላልኩም። ደመራውን ላከች፤ ወደ የት እንደወደቀ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። የጀልባውን ላከች። ዓሣ አጥማጁ መጨረሻ ወጥቶ ከጀልባው ሲወርድ ሰው ሁሉ "ሚስትህስ?" ሲለው፣ "ጠየቅኳት፤ አልፈታህም አለችኝ" ሲል ይሰማል። እህቴ ስትስቅ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠየቅኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

የባህል ምሽቱን ስትልክልኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ዘፈን አልሰማም፤ ከመጣሁ ወዲህ ትቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ለመዝጋት እጄን አላጠብኩም። ማሲንቆው የአምባሰልን ቅኝት ሲጀምር ከእናቴ መንዙማ ጋር አንድ ዜማ መሆኑ ገባኝ። ልጅ ሆነን ሁለቱን ስናቀላቅል በቁንጥጫ ነበር የምትለይልን። አሁን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ዓይኔ በሽንኩርቱ እንባ አወጣ፤ ከዚያ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ወጡን ሠራሁ፣ ጨውም አልበዛበትም።

ጥቅምት ሲገባ በዚህ ከተማ ያሉ የወሎ ሴቶች ደወሉልኝ። ትልቋ የአምባሰል ሰው ናት፣ የአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ፤ ሁላችንም እታባ እንላታለን።

"ጁምዓ ፕሮግራም አለን፣ ትመጫለሽ" አለችኝ።

"የምን ፕሮግራም?"

"እንዲሁ… የአገር ልጅ ለአገር ልጅ። ማዳምሽን እኔ አስፈቅጃለሁ። በጠዋት ነይ።"

በጠዋት ስትል ለየልኝ። እዚህ አገር የሀበሻ ፕሮግራም ከቀትር በኋላ፣ አሱር ሳይሰገድ አይጀመርም። በጠዋት የሚጠራው ለመርዶ ነው።

ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ከወጥ ቤት የሚሸት ነገር የለም፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን ዝቅ አድርገው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ቦታ ትተዋል።

"ነይ የኔ እናት፣ እዚህ ጋ" አለች እታባ። በቀኜ እሷ፣ በግራዬ በቅርብ ከአርዲቦ በኩል የመጣች ልጅ ሆኑ።

"እታባ፣ አውቄያለሁ" አልኳት።

"ምኑን?"

"የእናቴን።"

የአርዲቦዋ ልጅ ቀድማ ተናገረች። "ማን ነገረሽ? እኛ እኮ እንዴት እንደምንነግርሽ ስንለማመድ ነው የከረምን!"

"ዝም በይ አንች!" አለች እታባ። "ልምምድ ይባላል? ሰርግ አደረግሽው?"

"ታዲያ አሁን እናልቅስ ወይስ ይቅር?"

ከግድግዳው በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በሻሿ ያዘች፤ ሳቁ እዚያው አፏ ውስጥ ልቅሶ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ተከተሉ። አንዷ "ወየው እናቴ!" ስትል ለራሷ እናት መሆኑ ይታወቃል። የአርዲቦዋ ልጅ ክንዴን የያዘችው እኔን ልትደግፍ ነበር፤ ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝና እኔው ደገፍኳት። እኔ አላለቀስኩም። ዓይኔ ምንጣፉ ላይ፣ አንድ የተመዘዘ ክር ላይ ነበር።

ሲበርድላቸው እታባ እጇን ዘረጋች። "አላህ ይርሐማት። ቀብሯን ያስፋላት።"

"አሚን" አልኩ። ከክረምት ጀምሮ የት እንደማሳርፈው የጠፋኝ ቃል እዚያ አረፈ። ደስታም ሐዘንም አልነበረም፤ ሸክም ሲወርድ እጅ እንደሚደነዝዘው ነው።

"መቼ ነው?" አልኳቸው።

"ቅርብ ጊዜ ነው" አለች እታባ።

"ክረምት ላይ…" ብላ ጀመረች ልጅቱ። እታባ በክርኗ ጎሸመቻት።

ከሰዓት በኋላ ለእህቴ ደወልኩ። እስክትጨርስ አልቅሳ፣ ይቅር በይኝ ብላ፣ ቀኑን ስጠይቃት "ባለፈው ነው እታለም፣ ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። አጎቴ ደግሞ "ከመውሊድ ወዲህ ነው ልጄ" አለ። ከመውሊድ ወዲህ ከሆነ ያ ሰደቃ ለማን ነበር? አዋቂ ሰው ግን አይጋፈጡትም። ሁሉም ለእኔ አዝነው ያሳጥሩልኛል። ብዙ ጊዜ የተዋሸሁ እንዳይመስለኝ ብለው ነው።

ጀናዛዋን የሸኛችሁ፣ ያጠባችኋት፣ አፈር የመለሳችሁላት የአገሬ ሰዎች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መደበቃችሁን አልቀየምኩም፤ እናንተን ብሆን እኔም እደብቅ ነበር። ሰው በዝቶ ነበር፣ ቀብሯ አምሮ ነበር የሚለውን ነግራችሁኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። እኔ የምፈልገው ቀኑን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አሽራት" እያልኩ የነፈግኳትን አንድ በአንድ ልመልስላት እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቀኑን መናገር ከከበዳችሁ ወደ መቃብሩ ስትሄዱ በመንገዱ ዳር ያያችሁትን ማሽላ ንገሩኝ። ጉልበት ደርሶ ነበር? ወገብ ደርሶ ነበር? ወይስ ከሰው ቁመት አልፎ ቃሬዛውን ይሸፍን ነበር? እሱን ብቻ በሉኝ፤ ቀኑን ከቁመቱ እኔ አውቀዋለሁ።