ስክሪኑን ብቻ ተሸክመው ሄዱ

ፖሊሶቹ ሱቁ ሲገቡ የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ እየገለበጥኩ ነበር። «ኮምፒዩተሩን አንሳው» አለ አንዱ። ሌላው ገመዱን ነቅሎ ስክሪኑን ከነአቧራው አቅፎ ወጣ። ሲፒዩው፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ሳጥን፣ ጠረጴዛው ሥር እንደተቀመጠ ቀረ። ሳቄ አመለጠኝ። በጥፊ መለሱልኝ።

ሮቤ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የምናነሳበት፣ ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ቪዲዮ የምንጭንበት ሱቅ ነው። ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ባለሱቁ ማታ ሒሳብ ሊቀበል ብቻ ነው የሚመጣው። የሰልፍ ቪዲዮ ለሰው ጭነሻል ነው ክሱ። ጭኛለሁ። ግማሽ ከተማ ስልኩ ላይ ያለ ቪዲዮ ነው።

ጣቢያ ወስደው ያሰሩኝ ክፍል የሲሚንቶ ወለል ነው፣ ብርዱ ከታች ነው የሚገባው። መስኮቱ ከበሩ በላይ ስለሆነ በእሱ የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። አንዲት እናት ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከሪራ መንደር ማር እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ወንድ ልጅሽ የት እንዳለ ተናገሪ ተብለው ነው የታሰሩት።

«አካም፣ ኢንታላ» አሉኝ፣ እንዴት ነሽ ልጄ እንደማለት። ጠጋ ብለው የማዳበሪያውን ግማሽ ለቀቁልኝ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ራሴን አዞርሽው! በሩ በመመላለስ አይከፈትም።»

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ስክሪኑን ጠረጴዛው ላይ ሰክቶታል። ሲግናል የለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጥቁሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል። ያኔ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር።

«የማይከፈተው ኔትወርክ ስለሌለ ነው» አለኝ፣ እርግጠኛ ሆኖ። «ሲመለስ ይከፈታል። እስከዚያ እዚሁ ነሽ። ወይ ዘዴውን ንገሪኝና ዛሬውኑ እናትሽ ቤት ግቢ።»

ዘዴው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሳጥኑ ጠረጴዛው ሥር ነው፣ በቃ። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ክፍል ስመለስ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። አዴ ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት።

«ታዲያ ንገሪውና ውጪያ! እኔን የማላውቀውን ነው የሚጠይቁኝ። አንቺ የምታውቂውን ይዘሽ እዚህ ትደርቂያለሽ?»

«አዴ፣ እርስዎ ገበያ ሲቀመጡ ሰው ምን ያያል?»

«እኔን። ከፊቴ አንድ ቆርቆሮ ማር።»

«ሌላው ማርስ?»

«እህቴ ቤት ነው። ሰው ሲበዛ ልጅ እልካለሁ።»

«ስክሪኑ ልክ እንደዛ ነው። ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ እንደ እርስዎ የሚያስብ አለ፣ ይሄን አምጣ፣ ይሄን መልስ የሚል። ማከማቻውም እዛው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለብቻው። የሚገናኙት በገመድ ነው። ገመዱ ከተነቀለ ፊቱ ምንም አያውቅም።»

«እና የተቀመጥኩበትን ዱካ ወስደው ማር ሊቆርጡ ነው?» አሉና ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑት። እኔም ሳቅኩ። ከታሰርኩ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠባቂው በሩን ከውጭ ደበደበ።

«ማከማቻው ውስጥ ምን አለ?» አሉኝ ቆይተው፣ ቀስ ብለው።

ይህን ነበር የፈራሁት። የእኛ አገር ሴት ሚሞሪዋን ወንድ ለሚጭንበት ሱቅ አትሰጥም። እኔ ስላለሁ ነው ወደኛ የሚመጡት። የሒና ምሽት፣ ፀጉር ተገልጦ የሚጨፈርበት፣ ወንድ የማያየው ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ስልክ ጠፋብኝ ብለው እያለቀሱ ሲመለሱ ስላየሁ የሁሉንም አንዳንድ ግልባጭ አስቀምጥ ነበር። ሳጥኑ ጣቢያ ከመጣ ያንን ሁሉ ፖሊሶቹ ተሰብስበው ያዩታል።

«ጎባ የዳርኳት ልጄም ያንቺ ሱቅ ነበር ያስጫነችው።»

«የእሷም አለ፣ አዴ።»

ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። ከዚያ «ንገሪው አላልኩሽም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ እንዳይመለስ የምትለምን ብቸኛዋ የሮቤ ልጅ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሲመለስ ስክሪኑ እንደማይከፈት ያያሉ፣ የሚያውቅ ሰው ይጠራሉ። መርማሪው ግን አልጠበቀም። ከጎባ ባለሙያ እንደሚያስመጣ ነገረኝ።

ባለሙያው ሳይመጣ ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው ሴትዮዋን አስፈቷቸው። ማዳበሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። ሊያቅፉኝ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ሥር ጠየቁኝ፦

«ያ የማሩ ቤት ምን ያክላል?»

«እንደ ሳሙና ጠፍጣፋ ነው። ባለሱቁ ያውቀዋል። አውጥቶ ያጥፋው ይበሉልኝ።»

«ሌላ ቦታ ግልባጭ የለውም?»

«የለውም» አልኩ ቶሎ ብዬ። ቶሎ ያልኩት የአባቴ ድምፅም እዛው ስለነበረ ነው። ከመሞቱ በፊት ከመንገድ የላከልኝ አንድ አጭር ድምፅ። ትንሽ ብቆይ ሐሳቤን እቀይር ነበር።

ባለሙያው ወጣት ነው። ስክሪኑን አየ፣ መርማሪውን አየ፣ ማጅራቱን አከከ።

«ይቅርታ፣ ይሄ እኮ ስክሪኑ ነው። ሲፒዩውስ?»

የመርማሪው ጆሮ ቀላ። ወደኔ ዞረ። «የታለ?»

«ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ታስሬያለሁ።»

ሄደው ሳጥኑን አመጡት። ባለሙያው ክዳኑን ፈትቶ በባትሪ አየ። «ሃርድ ዲስክ የለውም፣ ማከማቻው። ባዶ ነው።»

መርማሪው ወንበር ሳበልኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን እንዳወጣው አልጠይቅሽም። የነማን ነገር እንደነበረበት ብቻ ንገሪኝና ቤትሽ ግቢ።»

«የደንበኛ ነው» አልኩ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም። ማንም ሳያዘኝ ዞሬ በራሴ እግር ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ፖሊሱ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አቆዩኝ።

አሁን ሌላ ሱቅ ነው የምሠራው። ኮምፒዩተርም እማራለሁ፤ አስተማሪው መጀመሪያ ቀን ፊቱን፣ አሳቢውንና ማከማቻውን ብሎ ሦስት ሳጥን ሥሎ በመስመር ሲያያይዛቸው ሴትዮዋ ትዝ አሉኝ። ሴቶች ሚሞሪ ሲያመጡልኝ ጭኜ እንደጨረስኩ እዚያው ፊታቸው ከኮምፒዩተሩ አጠፋዋለሁ። «ቢጠፋብኝስ?» ይሉኛል። «ግልባጩ አንቺው ቤት ይቀመጥ» እላለሁ።

የድሮው ባለሱቅ ዲስኩን ሻያ ወንዝ ነው የጣለው። በድልድዩ ሳልፍ አባቴ በዚያ አጭር ድምፅ ያለውን ለራሴ እለዋለሁ፦ «ደርሻለሁ፣ አታስቢ።» ቃሉ አልጠፋኝም። ድምፁ ግን እየቆየ የእኔን መምሰል ጀምሯል።