ባለቤት ያጣው ሸራ ጫማ

ነገሩ የሆነው በቀይ ሽብር ሰሞን ነው። ዛሬም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ከአሰላ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው ጊዮርጊስ ድሮ የጦር ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ምሽጉ ፈርሶ እሱ ብቻ ቀርቷል። የግቢው መግቢያ አንድ በር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ወፍራም ግንብ ውስጥ ደግሞ የጥንቶቹ ወታደሮች ባሩድ ያስቀምጡበት የነበረ ጠባብ ክፍል አለ። ክፍሉን ከገበዙ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜን ቀበሌ ይፈልገው ነበር። የዚያን ዕለት ከእናቴና ከእኔ ጋር ሊያስቀድስ መጥቶ ሳለ አብዮት ጠባቂዎች በሩን ያዙት። ገበዙ ወንድሜን በክንዱ ጎትተው ባሩድ ቤቱ ውስጥ ከተቱት። ጫማውን ግን ማን ያስታውስ! ያ በጠመኔ እያነጣ የሚዘንጥበት ሸራ ጫማ ደጃፉ ላይ ቀረ።

ሁለት ጠባቂዎች ገብተው ፈትሸው ባዶ እጃቸውን ወጡ። መሪያቸው ግን እዚያው ክርስትና የተነሳ የሰፈር ልጅ ነው፤ መላ አላጣም።

«ሁላችሁም ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ» አለ። «ባለቤት ያጣ ጫማ ከተገኘ ሰውየው ውስጥ ነው።»

ሰዉ ጫማውን እያደረገ ወጣ። የተደረደረው ጫማ እያለቀ ሄደ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። እንደዚያ ያለውን ፍርሃት ለጠላቴም አይስጠው።

ድንገት፣ በባዶ እግራቸው የመጡ፣ አይተናቸው የማናውቅ አሮጊት ጎንበስ ብለው የወንድሜን ጫማ አጠለቁት። በጣም ሰፍቷቸዋል።

«እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?» አለ መሪው።

«የልጄ ነው።»

«ልጅዎስ የት አለ?»

«እናንተ አይደላችሁ የምታውቁት? ሚሊሺያ ብላችሁ ወሰዳችሁት፤ ጫማው ቀረልኝ።»

መሪው ከበሩ ዘወር ብሎ አሳለፋቸው። አሮጊቷ ጫማውን እየጎተቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ደጃፉ ላይ ሌላ ጫማ አልቀረምና ጠባቂዎቹም በሩን ለቀው ሄዱ።

ወንድሜ አቦምሳ ዘመድ ቤት ተደብቆ ተረፈ።

በወሩ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እናቴና እኔ ልናመሰግናቸው ብንሄድ አጣናቸው። ጫማው ግን ታጥቦ፣ ማሰሪያው ተቋጥሮ፣ የነበረበት ቦታ ተቀምጧል። ላነሳው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው። የልጄ ነው ብለዋል፤ ልጃቸው መጥቶ ይውሰደው» አለች።

ወንድሜን ዛሬ በልጅ ልጆቹ ተከቦ ሳየው ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል፤ ደስታዬ ጎዶሎ ይሆናል። ልጃቸው ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም።