ነፋስ ነው ያልነው ትኩሳት

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነበር። ከአንጋጫ ወደ ዳምቦያ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ የብስክሌቴን ፍሬን ልይዝ ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ይንቀጠቀጡ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም። ጠዋት ከሆሳዕና ስነሣ ጀምሮ ነፋሱ ከፊት ለፊት እየገፋ አላስኬድ ብሎኛል፤ ባሕር ዛፉን ያጎነብሰዋል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። አንዱን ዳገት በላብ ተጠምቄ ወጣሁና ጫፉ ላይ ሸሚዜን ከፍቼ ቆምኩ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ለራሴ የሰጠሁት ምርመራ አገሬው ሁሉ የሚሰጠው ነው፤ ላቤ ሳይደርቅ ነፋስ መታኝ፣ ምች ነው አልኩ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በትኩሳት ለተኛ ሰውና አጠገቡ ለተቀመጠ አስታማሚ ነው። እኔን ለሞት ካቀረቡኝ ነገሮች አንዷ ያቺ ቃል ነበረች፤ ምክንያቱም በሽታውን አውቄዋለሁ ብዬ ሌላ እንዳልጠይቅ አደረገችኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሆሳዕና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ዕረፍት ሲመጣ ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔ ካኪ ድንኳኔን ከብስክሌቴ ኋላ አስሬ ብቻዬን እዞራለሁ። ሱቅ ነጋዴዋ እናቴ፣ «ቤት እያለው ሜዳ የሚያድር እብድ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ብቻውን ድንኳን የሚተክል ሰው እብድ ቢባል ዕድለኛ ነው። ወይ ሰላይ ይባላል፣ ወይ ወንበዴ።

ዳምቦያ ሳልደርስ ከአንድ የእንሰት ማሳ አጠገብ ድንኳኔን ለመትከል ሞከርኩ። ነፋሱ ካስማውን እየነቀለ አስቸገረኝ፤ በመጨረሻ አንዱ ጎኑ ተተረተረ። የቀረውን ሸራ ተከናንቤ መሬት ላይ ተኛሁ። ጥርሴ ይፋጫል። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ያገኙኝ እንዲህ ሆኜ ነው። ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት አሳየኋቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አገላብጦ አየውና፣ ዱራሜ ይላል እንጂ ድንኳን አይልም አለ። ማንነቴ ከዱራሜ እስኪጣራ ድረስ ከአቶ ኤርሱሞ ቤት ንቅንቅ እንዳልል ታዘዘ። አቶ ኤርሱሞ ለማሳው ቅርብ የሆነ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እንዲጠብቀኝ ቃል አስገቡት፤ እሱም እሺ አለ።

ባለቤቱ ወይዘሮ አየለች እንደ እስረኛ አላየችኝም። እሳት ዳር አስተኝታ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ የምች መድኃኒቱ እሱ ነውና። ትኩሳቱ ወጣ፣ አላበኝ፣ ለቀቀኝ። በማግሥቱ ተሻለኝ። ያታለለኝም ይኸው መሻል ነው። ምችነቱን ሁላችንም አመንን።

ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቶች ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ቀስ ብላ የወፍ በሽታ ነው አለች፣ መርፌ እንዳይነካው።

የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ይባላል። እኔም አምን ነበር። የአክስቴ ባል ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሐኪም ቤት ሄደ፣ ተወጋ፣ በማግሥቱ ቀበርነው። ኮሌጅ መግባቴ ይህን ከውስጤ አላወጣልኝም። የአቶ ኤርሱሞን እጅ ያዝኩና ምንም ቢመጣ መርፌ እንዳታስወጋኝ ማልልኝ አልኩት። ጴንጤ ነው፣ አይምልም። እምቢ ሲለኝ አለቀስኩ።

«እኛ አንምልም፣ ልጄ» አለኝ። «እሺ ካልኩህ እሺ ነው። እሺ።»

የዚያ ሰው እሺታ ከሌላው መሐላ እንደሚበልጥ በዚያ አገር ሁሉም ያውቃል። ልቤ አረፈ።

ነፋሱ አላቋረጠም። የሣር ክዳኑ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። ከዚያ መስማት ተውኩ። ስሜን ጠየቁኝ። አላወቅሁትም። ሰውነቴ ተንፈራገጠ። ምላሴን ነከስኩ። የደም ጣዕም ትዝ ይለኛል። ሌላ የለም።

ከዱራሜ መልስ አልመጣም፤ ሊቀመንበሩም እንድወጣ አልፈቀደም። አቶ ኤርሱሞ ሳያስፈቅድ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ዱራሜ አስነሣኝ። መንገድ ላይ ለአፍታ ነቃሁ። ነፋሱ ቡሉኮውን ከላዬ ሊወስደው ይታገላል፤ ተሸካሚዎቹ አይነጋገሩም። ወደ መቃብር የሚወስዱኝ መስሎኝ ፈራሁ፣ አልሞትኩም ለማለት ግን አፌ አልከፈት አለ።

ዱራሜ ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ነበረች። እንደገና ነቅቼ እየተንተባተብኩ የነፋሱን ነገር ስነግራት አቋረጠችኝ።

«ነፋሱን ተወው። ከዚህ በፊት ባሉት ሳምንታት ቆላ አድረሃል?»

አድሬያለሁ። በገና ሰሞን ከሀቢቾ አልፌ ወደ ጊቤ ወርጄ፣ ወንዙ ዳር ያለ አጎበር ተኝቻለሁ። ሙቀት ነበር፣ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። እንደዚያ ተመችቶኝ አላውቅም። ሐኪሟ ጣቴን ወግታ ደሜን በማይክሮስኮፕ አየችው።

«ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ ወባ ነው፣ አንጎሉን ይዞታል» አለች። «ኩዊኒን በደም ሥሩ መግባት አለበት። አሁኑኑ።»

እጄን ነጠቅኋት። የወፍ በሽታ ነው፣ አትንኪኝ አልኩ። ዓይኔን ቢጫ ያደረገው ወባው ራሱ እንደሆነ፣ ደሜን እየሰበረ መሆኑን ነገረችን። እኔ አልሰማኋትም፤ በእግሬ ገፋኋት። ወደ አቶ ኤርሱሞ ዞረች። ቃል ሰጥቼዋለሁ አላት። ምን ብለው ስትለው፣ እንዳይወጋ አለ። ወደ አልጋው ቀረበ። ከዚያ ክንዴን ይዞ አልጋው ላይ ተጫነኝ።

«ቃሌን በላሁ። ይውጉት።»

ሳገግም ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ጭው ይል ነበር፤ የኩዊኒኑ ነው ተባልኩ። ወይዘሮ አየለች ከዳምቦያ ድረስ አጥሚት ይዛልኝ እየመጣች፣ አልወርድ ሲለኝም መታመሜን ሰምታ ከመጣችው እናቴ ጋር ተባብረው እየተቆጡኝ፣ ቀስ በቀስ መቀመጥ፣ ከዚያ ግድግዳ ይዤ መቆም፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ መውጣት ቻልኩ። ሆሳዕና ከተመለስኩ በኋላ እንኳ ለብዙ ጊዜ ብስክሌቴን መንዳት አቅቶኝ እየገፋሁ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር፣ ተማሪዎቼም መምህር ብስክሌቱን ሊያናፍሰው ወጣ ይሉኛል። አስተማሪነቴም ተጣርቶ ተረጋገጠ። አቶ ኤርሱሞን ግን ያለ ፈቃድ ስላስወጣኝ በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ግለ ሂስ አስደረጉት።

ትኩሳት ከያዛችሁ ዛሬ ምን መታኝ ብቻ አትበሉ፤ ባለፈው ወር የት አደርኩ ብላችሁ ለሐኪም ንገሩ። ደማችሁን አስመርምሩ። ለአንድ ቀን ቢሻላችሁ አትመኑት፣ የታዘዘውንም መድኃኒት ጨርሱ። ሐኪሟን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ጉልበቴ ሲመለስ ላመሰግነው ወደ አቶ ኤርሱሞ ሄድኩ። ለሊቀመንበሩ ሰጥቶ ስላፈረሰው ቃል አንድም አላነሣም። እኔ አፌን ሳልከፍት ግን ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለ። «እሺ ብዬህ ነበር።»

አልቀለደም። ይቅር ብዬሃለሁ እስክለው ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ። አስታማሚዎች፣ በሽተኛችሁ ፈርቶ ቃል ቢያስገባችሁ እሺ በሉትና አረጋጉት። ከዚያ ተሸክማችሁ ውሰዱት። ይቅርታውን ሲድን ትጠይቁታላችሁ።