ከመጥበሻዬ ጀርባ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ዘይነባ ሕፃኗን አቅፋ በሬን አንኳኳች። "እስቲ ነይ፣ አንድ ነገር እዪልኝ" አለችኝ።

የልጇ አልጋ ላይ የልስን ፍርፋሪ ተበትኗል። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ተሰንጥቆ የሚስማር ጫፍ ብቅ ብሏል።

ሚስማሩ የኔ ነው።

ባለሱቁ "ብረት መጥበሻ ሲከብድ ነው ጥሩው" ስላለኝ ከባዱን መርጬ ገዛሁ። እንዳይዝግ እሳት ላይ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ከዘይነባ ጋር በምንጋራው የወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቼ በኩራት ሰቀልኩት። (አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ በግድግዳ በኩል "ይማርሽ" የምትልበት የልደታ ኮንዶሚኒየም መሆኑን ረስቼ!)

ሮጬ ሄጄ መጥበሻውን አወረድኩት። ስንጥቁ ግን አሁንም አቧራ ያረግፋል።

ዘይነባ አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አስጠጋችና ቀና ብላ አየችው። "ከዚህኛው ጀርባስ ምን ተሰቅሎ ይሆን?" አለች።

እናንተስ? ግድግዳችሁ ላይ ከሰቀላችሁት ነገር ጀርባ ማን እንደሚተኛ ታውቃላችሁ?